ስሙ የማይጠራ አመልካች

ናና አምፖፎ አንገቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብቶ የገዛ ስሙን ሲያንሾካሹክ ሚስቱ ደረሰችበት። በሙታንታ ብቻ ነበር። «ኩዋኩ ሱሚና» ይላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ትንሽ ጮክ አድርጎ «ሱሚና ኩዋኩ» ይላል፤ የተሰቀሉት ልብሶች መልስ የሚሰጡት ይመስል ጆሮውን ያዘነብላል። ፍሬማ የክብር ልብሱን፣ ያንን ሰፊ ባለ ቀይ ጥለት ጨርቅ፣ በሁለት እጇ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህል እንደ ቆየች አላወቀም። ደንግጦ ቀና ሲል አናቱን ከመደርደሪያው ጋር አጋጨው፤ እሷ ደግሞ ዐይኗን ወደ ጨርቁ መለሰች። «ናና፣ ልብስዎ ደርቋል» አለች። ልብሱ ደርቆ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ እጇ ላይ ነው፤ ይህን ሁለቱም ያያሉ፤ ግን አንድ ነገር መባል ነበረበት። ጨርቁን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ነገሩ እብደት አልነበረም። ናና ዛሬ ፓስፖርት ሊያድስ ነው። አንድ ሰው አለቃ ሆኖ በአጉዋማሶ የአያቶች ወንበር ላይ በተቀመጠ ዕለት የቤት ስሙ አብሮ ይሻራል፤ ጎረቤት አይጠራውም፣ ወንድም አይጠራውም፣ ሚስትም ብትሆን አልጋ ላይ እንኳ አትጠራውም፤ ሁሉም በማዕርጉ «ናና» ይለዋል። ናና ከተሾመ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ያን ስም ከማንም አፍ ሰምቶት አያውቅም። ዛሬ አንዱ ጸሐፊ ብድግ ብሎ «ስምዎ ማን ነው?» ቢለውና ምላሱ ቢተሳሰርስ ብሎ ሲገላበጥ አደረ። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ከቁም ሣጥኑ ጋር ልምምድ የያዘው ለዚህ ነው። ቢያንስ ምላሱ እንዳልዛገ አረጋገጠ። የሚስቱ መስማት ግን አሳፈረው። ከሚስት ፊት በሙታንታ መቆም ምንም አይደለም፤ በዚያ ስም መያዝ ግን ሌባ ሆኖ የመያዝን ያህል ፊቱን አቃጠለው።

የአጉዋማሶ ሽማግሌዎች ስለዚህ ፓስፖርት ብዙ ምሽት ተቀምጠዋል። አጉዋማሶ ድሮ መንደር ነበረች፤ አሁን የኩማሲ ከተማ ከነጓሮዋ ውጧታል፤ ወንበሯ ግን አለ፣ ሽማግሌዎቿም አሉ፣ ነገር የሚያከርሩበት ጊዜም ሞልቷቸዋል። የናና ብቸኛ ልጅ ሴርዋ በመጪው ወር መጀመሪያ ሃምቡርግ ላይ ታገባለች። የሙሽራው ወገን ይዞት የሚመጣውን መጠጥ ተቀብሎ «ልጄን ሰጥቻለሁ» የሚለው አባት ነው፤ አባት ከታጣ የእናት ወንድም ይተካል። የእናት ወንድም እዚያው ሃምቡርግ የሚኖረው ቦአቴ ነው። ቦአቴ በንግግሩ የታወቀ ነው፤ አንድ ጊዜ ሕፃን ስም ሲወጣለት መናገር ጀምሮ ሳይጨርስ ሕፃኑ ጥርስ አበቀለ ይሉታል። ሴርዋ በስልክ «አባዬ፣ አጎቴ ከሚሰጠኝ ሳላገባ ብቀር ይሻለኛል» ብላ አልቅሳለች። የናና ፓስፖርት ደግሞ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ በወንበር ስሙ ይውጣለት አሉ። ያ ማለት በጋዜጣ ማሳወጅ፣ ማኅተም ማስመታት፣ ወራት መጠበቅ ነው፤ በዚያ ላይ የሴርዋ የልደት ወረቀትም፣ ከሃምቡርግ የመጣው የግብዣ ደብዳቤም አባትየው ኩዋኩ ሱሚና ነው ይላሉ። ናና አምፖፎ ዳርኮ ሁለተኛ የሚባለውን ጌታ ጀርመኖች ከየት ያውቁታል? ተከራክረው ተከራክረው ሲደክማቸው በድሮው ስም ይታደስ አሉ፤ ነገር ግን ስሙ ወረቀት ላይ ይቅር፣ አየር ላይ አይውጣ። ይህንንም አፈ ንጉሡ ቱማሲ ቆሞ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ቀጠሮው ዛሬ ነው፤ ዛሬ ካመለጠ የሚቀጥለው ክፍት ቀን ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው።

ቱማሲ የናና አፍ ነው። አለቃ ለሕዝብ በቀጥታ አይናገርም፤ ለቱማሲ በለሆሳስ ይነግረዋል፣ ቱማሲም ቃሉን አስውቦ፣ ቅቤ ቀብቶ ያስተላልፋል። ዛሬ ሹፌሩም እሱ ነው፤ የግቢውን ሹፌር ወባ አስተኝቶታል። የሹመት በትሩን፣ ያንን አናቱ ላይ እንቁላል የጨበጠ እጅ የተቀረጸበትንና በወርቅ ቅጠል የተለበጠውን ረጅም በትር፣ አሮጌዋ ኦፔል አልችለው ስትል ጫፉን በመስኮት አውጥቶት ይነዳል። ናናና ፍሬማ ከኋላ ተቀምጠዋል። አደባባዩ ላይ አንድ ሚኒባስ ድንገት አፍንጫውን አስገባባቸውና ናና በግንባሩ የፊተኛውን ወንበር ገጨ። «ይሄ አህያ!» አለ። ቱማሲ መኪናውን አቆመና አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ወንድሜ ሆይ፣ ናና አምፖፎ ዳርኮ ሁለተኛ ጉልበትህን አድንቀዋል። ከባድ ጭነት ተሸክመህ የማትደክም፣ መንገድ ላይም ማንንም የማትፈራ ፍጡር መሆንህን አስተውለዋል» አለው። የሚኒባሱ ሹፌር ግራ ቢገባውም እጁን አንሥቶ አመሰገነ።

የጋራዦቹ ሰፈር ሱሜ ሲደርሱ ናና ፊቱን ወደ ግራ አዞረ፤ ፍሬማም አዞረች። ከቆሻሻ ዘይትና ከተከመረ ሞተር መካከል ናና ግማሽ ዕድሜውን ራዲያተር ሲበይድ የኖረባት የቆርቆሮ ክፍል አለች፤ አሁን ሌላ ሰው ገብቶባት ጎማ ይሸጥባታል። ሁለቱም አዩዋት። ፍሬማም በዚያው ዘመን ኬጄቲያ ገበያ የኤናሜል ድስትና ሳህን ትሸጥ ነበር፤ የአለቃ ሚስት ገበያ ላይ አትቀመጥም ተብሎ ዕቃዋን ለእህቷ አስረክባ ወጣች። ቤተ ዘመዱ መጥቶ «ወንበሩ ያንተ ነው» ሲለው ናና እሺ ያለው እዚያው በተቀመጠበት ነው፤ እሷን ምን ይመስልሻል አላላትም። አላኮረፈችም፣ አልተጣላችም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን እንደ ማንኛውም ሰው «ናና፣ እርስዎ» ትለው ጀመር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታውቅም። ናና አንዳንዴ ተሳስታ ብትሰድበው ይመኛል።

የፓስፖርት ቢሮው በር ላይ ዘበኛው በትሩን አየና እጁን ዘረጋ። «ብረት አይገባም» አለ። «እንጨት ነው» አለ ቱማሲ። «ላዩ ወርቅ ነው።» «የወርቅ ቅጠል ነው።» «ቅጠልም ቢሆን አይገባም» ብሎ ነጠቀው። የት ያስቀምጠው? መሬት ላይ አይጣል፣ ግድግዳ ላይ አይደገፍ ብሎ ቱማሲ በአያቶቹ ስም አስማለው። ዘበኛውም ቃሉን አክባሪ ሰው ኖሮ በትሩን በቀኝ እጁ አቁሞ እንደ ሐውልት ቀጥ አለ። ገና እነሱ ደጁን ሳያልፉ አንዲት አሮጊት የአንድ ታላቅ ግቢ አፈ ንጉሥ መስሏት ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ እጅ ነሣችው። ዘበኛው ደስ አለው።

አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበሮች የታጨቀ ነው፤ ጣሪያው ላይ ካሉት ማራገቢያዎች አንዱ ብቻ ይዞራል፣ እሱም ከሥሩ ለተቀመጡት ዕድለኞች ነው። የወረፋ ቁጥር ያሳይ የነበረው ሰሌዳ ጠፍቷልና አመልካቾች በስማቸው ይጠራሉ። ናና በፍሬማና በቱማሲ መካከል ተቀመጠ፤ ጨርቁን በግራ ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ የወርቅ ጥብጣቡን ግንባሩ ላይ ሳብ አደረገ፣ ጠበቀ። አንዲት ሴት ትልቅ ሳህን ተሸክማ በመስኮቱ በኩል ዋቼ ትሸጣለች፤ ሩዙና ባቄላው ከነወጡ፣ ከነቃሪያው፣ ላዩ ላይ ቅቅል እንቁላል ያለበት፣ በአሥራ አምስት ሲዲ። እንቁላል ካልተፈለገ አሥር። ሽታው አዳራሹን ሞልቶታል። አለቃ በአደባባይ አይበላም፤ ናና ደግሞ ጠዋት ከጭንቀቱ የተነሣ አንድ ጉርሻ አልዋጠም። ከፊቱ የተቀመጠው ወጣት እንቁላሉን በሁለት ጉርሻ ሲጨርሰው ናና አብሮት ዋጠ። ፍሬማ አየችው። ከቦርሳዋ የታሸገ ብስኩት አውጥታ ለቱማሲ ሰጠችው፣ ለራሷም ያዘች፣ ለናና ግን የእጅ መሐረብ አቀበለችው። ሕግ ሕግ ነው።

የምትጠራው ላሪባ የምትባል ወጣት ጸሐፊ ናት። የሰሜን ልጅ ናት፤ የአገሬውን ቋንቋ ለሥራዋ በሚበቃት ልክ ታውቃለች፤ ስሞቹን ሁሉ አንድ ዐይነት ድምፅ እየሰጠች፣ ዶክተሩንም ሊስትሮውንም እኩል ትጠራለች። ከቀትር በኋላ አንዱን ፋይል አነሣች።

«ሱሚና ኩዋኩ!»

አዳራሹ ሳቀ። መሳቁ አይፈረድበትም። ሱሚና ማለት የቆሻሻ መጣያ ክምር ማለት ነው። የናና እናት ከእሱ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞተውባት ነበር። እሱ ሲወለድ ወስዳ ከጓሮው ቆሻሻ ላይ አስተኛችው፤ ጎረቤቷም በአጋጣሚ እንዳገኘች ሆና አነሣችው፤ ሞት ሲያልፍ «ይሄማ ጥራጊ ነው» ብሎ እንዲተወው ስሙንም ሱሚና አሉት። ሞት ተሞኘ፣ ልጁ አደገ። ሰው ሁሉ በዚያ ስም ይስቅ ነበር፣ እሱም አብሮ ይስቅ ነበር፤ ጋራዡ ውስጥ ከጥግ እስከ ጥግ «ሱሚና! ሱሚና! ውሃ ያፈስሳል ድረስ!» ሲባል የሚውል ስም ነው። አሁን ከዚያች ልጅ አፍ ሲወጣ ናና የአዳራሹን ሳቅ አልሰማም። የሆነ ሰው ከኋላው መጥቶ ትከሻውን ያቀፈው መሰለው። ተነሥቶ መሄድ እንዳለበት ያውቃል፤ ለዚህ ነው የመጣው፤ ግን አንዴ ደግማ ብትጠራው ምን አለበት?

«ሱሚና ኩዋኩ!»

እህ፣ ይሄኛው ይባስ ጣፈጠው። ቱማሲ የናና ጉልበት ላይ እጁን ጫነ፤ «አይነቃነቁ፣ ናና» አለ ጥርሱን ነክሶ። ናና ሊነቃነቅ መች አሰበ! ሦስተኛውን እየጠበቀ ነው። ሦስተኛው መጣ፤ ላሪባ ዙሪያዋን ቃኘች፣ ፋይሉን ከጠረጴዛው ማዶ ካለው ሣጥን ውስጥ ጣለችና ሌላ ስም ጠራች። ሣጥኑ ላይ «የቀሩ» የሚል ተጽፎበታል።

«አያቶችዎ ኮሩብዎት» አለ ቱማሲ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ።

ናና አሁን ነው የነቃው። ጉድ ፈላ። ፍሬማ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ቱማሲን ማታለል ይቻላል፣ እሷን አይቻልም።

«ሰምተዋል አይደል?» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተነሡም?»

ልጁ በስልክ ያለቀሰችው ልቅሶ ጆሮው ላይ መጣበት፤ ቦአቴ መነጽሩን አስተካክሎ፣ የመጠጡን ጠርሙስ ጨብጦ፣ ንግግሩን ከአያት ቅድመ አያት ሲጀምር ታየው፤ ላብ አጠመቀው። ለሦስት ጥሪ ስል ልጄን ሸጥኳት አለ በሆዱ። ወደ ቱማሲ ጠጋ ብሎ «ሂድ፣ ለምናት። እባክሽ በላት። ጥፋቱ የእኔ ነው በላት» አለው። ቱማሲ ጨርቁን አስተካክሎ ተነሣ፣ ጠረጴዛው ጋ ደርሶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣ ስምሽ ማን ይባላል?»

«ላሪባ።»

«ላሪባ፣ የአጉዋማሶን ወንበር ሦስት ጊዜ ሰድበሻል። ያን ስም ለሚጠራ ሰው ቅጣቱ በአንድ ጥሪ አንድ በግና አንድ ጠርሙስ ሽናፕስ ነው። ናና ግን ልባቸው ሰፊ ስለ ሆነ ሽናፕሱን ምረውልሻል።»

ናና ከመቀመጫው ሆኖ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«አባባ፣ እዚህ ግቢ በግ አይገባም» አለች ላሪባ፣ ዐይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል። «ምን ልርዳዎት?»

«ያን አሁን ወዲያ የጣልሽውን ፋይል አንሺው።»

«የሱሚና ኩዋኩን?»

«አራት!» አለ ቱማሲ፣ ጣቱን ቀስሮ።

«ጠርቼ አልመጡም። ቀሪ ናቸው።»

«መጥተዋል። ያውና ተቀምጠዋል።»

«ታዲያ ስጠራ ለምን አልተነሡም?»

«እሳቸው ያ ሰውዬ አይደሉም።»

«ያ ሰውዬ የት አለ?»

«የለም።»

«ውይ፣ ሞቷል?»

«አፍሽን ቁረጪ! በሕይወት አሉ!»

«ማን? ሱሚና?»

«አምስት! ናና ናቸው በሕይወት ያሉት!»

ላሪባ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ እንዲያው እኔ ልሙት ይረዱኝ። በሕይወት ያለው ሰው ፓስፖርት አልጠየቀም። ፓስፖርት የጠየቀው ሰው ደግሞ የለም። እኔ ለማን ላድስ?»

አዳራሹ ዳግመኛ ሳቀ። ቱማሲ ለዚህ የሚሆን ቃል ሲፈልግ ናና ተነሥቶ መጣ። በገዛ እግሩ፣ በገዛ አፉ። «ልጄ» አላት ላሪባን፣ «ሠርግ አለብኝ። የልጄ ሠርግ ነው። ስትጠሪኝ ሰምቻለሁ፤ አልተነሣሁም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ቱማሲ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ናና የሚሉት…» ብሎ ጀመረና የሚያስተላልፈው አጣ፤ ሁሉ በግልጽ ተብሏል። እንዲህ ያለ ነገር በአጉዋማሶ ታሪክ ተሰምቶ አያውቅም። ላሪባ ናናን አየችው፤ አባቷን አስታወሳት መሰለኝ፣ ብቻ እጇን ሣጥኑ ውስጥ ከትታ ፋይሉን አወጣች፣ ገለጠችና ፊቷን አጨማደደች። የድሮው ፓስፖርት ኩዋኩ ሱሚና ይላል፤ ፎቶው ላይ ያለው ጠጉራም ሰውዬ ነው። የመታወቂያ ካርዱ ናና አምፖፎ ዳርኮ ሁለተኛ ይላል፤ ፎቶው ላይ ያለው ራሰ በራ ሰውዬ ነው።

«አባቴ፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች። «ስሙ እንዲህ ሲለያይ የሥጋ ዘመድ ወይ የትዳር ጓደኛ ገብቶ፣ ይህ ሰው እገሌ ነው ብሎ በድምፁ መመስከር አለበት። ይቀዳል። እሱ ከተሟላ ዛሬውኑ እጨርስልዎታለሁ። ቢሮው ሊዘጋ ግን ጥቂት ነው የቀረው።»

«ትጻፈው» አለ ቱማሲ ፈጥኖ። «ወረቀት ላይ ይፈቀዳል።»

«ድምፅ ነው የሚቀዳው፣ አባባ።»

«በጆሮሽ ታንሾካሹክልሽ።»

«ማሽኑ ጆሮ የለውም።»

ሁሉም ወደ ፍሬማ ዞሩ። ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ያለቀውን የብስኩት ወረቀት በጣቷ እያጠፈች ነው። ናና «ነይ» ሊላት አፉን ከፍቶ ተወው። ከሦስት ዓመት በፊት ሊላት ሲገባ ያላላት ነገር ትዝ አለው። ጠጋ አለና ጎንበስ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ «ፍሬማ፣ ትችያለሽ?» አላት።

«እያዘዙኝ ነው ወይስ እየጠየቁኝ?»

«እየጠየቅኩሽ ነው።»

«ካልፈለግኩስ?»

«ካልፈለግሽ ወደ ቤታችን እንሄዳለን።»

ከዚያ የብስኩቱን ወረቀት ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ተነሣች።

ክፍሉ ከቁም ሣጥን ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ካሜራ፣ ነጭ ግድግዳ። ቱማሲ በሩ ላይ ቆመ፣ ለወንበሩ ክብር ምስክር መሆን አለብኝ ብሎ። ላሪባ ማይኩን ወደ ፍሬማ አስጠጋችና አንድ ቁልፍ ተጫነች።

«እማማ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ።»

«ምንዎ ነው?»

«ባሌ ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

ፍሬማ ማይኩን አየችው፣ ባሏን አየችው።

«ሱሚና ነው» አለች። በሩ ላይ የቱማሲ አውራ ጣት ተነሣ። «ኩዋኩ ሱሚና። ሱሜ ጋራዥ ራዲያተር ሲበይድ ቅንድቡን ያቃጠለው ሱሚና ነው። ሊያገባኝ ሲመጣ የወንድሙን ጫማ ተውሶ ጠቦት መንገዱን ሁሉ ሲያነክስ የመጣው፣ አባቴም አንካሳ ነው አልድርም ያሉት ሱሚና ነው። ሴርዋን ስወልድ ደጅ ተቀምጦ ከእኔ በላይ የጮኸው ሱሚና። ሌላ ሰው አይደለም። አሁን ሹመት ይዞት ነው።»

ሹመት ይዞት ነው ስትል ወባ ይዞት ነው እንደ ማለት አድርጋ ነው ያለችው። የቱማሲ የአንድ እጁ ጣቶች አልቀው ሌላውን እጁን አዘጋጅቶ ነበር፤ አፉ ግን ተከፍቶ ቀርቷል። ላሪባ ቁልፉን ለቀቀች።

«እማማ፣ አንዴ ቢሉት ይበቃ ነበር።»

«ለእኔ አይበቃም» አለች ፍሬማ፤ ድምፅዋ ተሰብሮ ነበር።

ናና የሚሆነው ጠፋው። ሊያለቅስ ነው ወይስ ሊስቅ ነው እሱም አላወቀም፤ ፊቱ ግን አስቀድሞ ወስኗል። ላሪባ ከካሜራው ፊት አስቀመጠችውና የወርቁን ጥብጣብ እንዲያወልቅ ነገረችው። አወለቀ፤ ቱማሲ ዐይኑን ጨፈነ። «ፎቶው ላይ መሣቅ አይፈቀድም» አለችው። እሺ አለ፤ ሣቀ። «አባቴ፣ ጥርስዎ ይታያል።» ከንፈሩን ገጠመ፤ ጉንጩ ፈነዳ። ማሽኑ ጢጥ ብሎ አልቀበልም አለ። ደግማ ሞከረች፣ ደግሞ እምቢ አለ። ናና የሞቱ አክስቶቹን አሰበ፣ ዕዳ አሰበ፣ ቦአቴን እንኳ አሰበ፤ ምንም አልረዳው። ውጭ በሮች መዘጋጋት ጀምረዋል። ላሪባ ሰዓቷን አየች፤ ላብ ፊቷ ላይ መጥቷል።

«የአምስት በግ ዋጋ አስብ» አለችው ፍሬማ ከጎን።

የናና ፊት እንደ ተቆለፈ በር ክርችም አለ። ማሽኑ ተቀበለ።

ደረሰኙ ላይ ፓስፖርቱ የሚወሰድበት ቀን ተጽፏል፤ ከሠርጉ በፊት ነው፣ ለቪዛውም ጊዜ ይተርፋል። ናና ወረቀቱን አጥፎ ጨርቁ ሥር በሆዱ በኩል ሸጎጠው። ላሪባን በሁለት እጁ ጨበጣት፤ ምን እንደሚላት አጥቶ «ልጅ ሲኖርሽ ለአባቱ ደስታ ይስጥሽ» አላት፤ እሷም አሜን አለች፣ ምን ማለቱ እንደ ሆነ ባይገባትም። ውጭ ዘበኛው በትሩን እንዳቆመ ነው። በቀኑ ውስጥ ስንቱ ሰው እጅ ሲነሣው እንደ ዋለ እንጃ፤ አገጩ ወደ ላይ ቀና ብሏል፣ ድምፁም ወፍሯል። ቱማሲ በትሩን ሲቀበለው ዘበኛው ለመልቀቅ ልቡ አልፈቀደም ነበር።

ወደ ቤት እየተመለሱ ነው። ቱማሲ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይነዳል፤ ለሽማግሌዎቹ ምን ብሎ እንደሚያስረዳ በልቡ እያቀናበረ እንደ ሆነ ያስታውቃል። ፍሬማ በመስኮቷ በኩል የመንገዱን ሻጮች ታያለች፤ ኤናሜል ሳህን የደረደረች ሴት ሲያልፉ ዋጋውን በከንፈሯ አነበበች።

«ቱማሲ፣ በጎቹ ስንት ሆኑ?» አለ ናና።

«የልጅቷን ትቼዋለሁ፤ እንግዳ ናት፣ ወጉን አታውቅም። የሚስትዎ አምስት ናቸው።»

«ከእኔ ይከፈል።»

«ይከፈላል፣ ናና።»

«ሰባት አድርጋቸው።»

«አምስት ነው ያልኩት፣ ናና። ቆጥሬያለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ሰባት አድርጋቸው።»

ቱማሲ በመስታወቱ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ መጀመሪያ ናናን፣ ቀጥሎ ፍሬማን። የናናን ቃል ሲያስተላልፍ ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው፤ ይህኛውን ግን ለማን እንደሚያስተላልፈው ግራ ገባው። ደግነቱ ማስተላለፍ አላስፈለገም። ፍሬማ ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር እጇን ወንበሩ ላይ አንሸራታ የባሏን ትንሿን ጣት ያዘች።

«ሱሚና» አለች።

«ወዬ።»

ኦፔሏ እየተንገጫገጨች አደባባዩን ዞረች።

«አንድ በግ ይቀራል» አለ ቱማሲ፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«እሱ ለማታ ነው» አለች ፍሬማ።